አሥራ ሁለት ሜትር፣ ሳይቆረጥ

ከሚሴን ከላይ የሚያውቃት ሰው ኸይረዲን ነው። ሌላው ሰው ሱቁን በበሩ፣ ግቢውን በአጥሩ ይለያል፤ እሱ የሚለየው በክዳኑ ነው። የማን ቤት ሚስማሩ እንደላላ፣ የማን መጋዘን አሸንዳው በጭድ እንደተደፈነ፣ የትኛው ቆርቆሮ ሐምሌ በገባ ቁጥር በየት በኩል እንደሚያፈስ አብጠርጥሮ ያውቃል። በሚኒባስ ደሴ ደርሶ ሲመለስ እንኳ በመስኮት የሚያየው ሰውና ገበያ ሳይሆን ጣሪያ ነው። «ሰው ሰላም ሲል ፊት ያያል፤ አንተ ከጭንቅላቱ በላይ ነው የምታየው» ትለዋለች ሚስቱ መሊካ።

ተወልዶ ያደገው ጨፋ ነው። አባቱ ቦርከና ዳር ማሽላ ይዘሩ፣ ከብት ያረቡ ነበር፤ ቤታቸውም የሣር ክዳን ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከሚሴ ገብቶ የትምህርት ቤት ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ሥራው ቆርቆሮ ከመሬት አንስቶ ማቀበል ነበር። ከላይ ሆኖ የሚቀበለው አብዱልጀሊል የሚባል ቀጭን፣ ሳቂታ ጎረምሳ ነበር። ይሄ ጎረምሳ በሦስተኛው ቀን ከመሰላሉ ወረደና፣ «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ ከፍታ አልወድም። ለእኔ ብረትና እሳት ስጠኝ። አንተ ውጣ» አለው። ኸይረዲን ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ስድስት ዓመት አልወረደም ማለት ይቻላል።

አብዱልጀሊል ከታች ይለካል፣ ይበይዳል፣ ያቀብላል፤ ኸይረዲን ከላይ ያለብሳል፣ ይመታል። መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሲያጓራ ወይም ከሰዓት በኋላ የጨፋ ነፋስ ሲነሳ ድምፅ ስለማይሰማ በመዶሻ ነበር የሚነጋገሩት። ከታች ሁለቴ ከተንኳኳ፣ ይዤዋለሁ፣ ምታ ማለት ነው። አንዴ ከሆነ፣ ቆይ። የከተማው ሰው የሁለቱን ሥራ ለይቶ አያውቅም፤ አንዱ «የነኸይረዲን ጣሪያ» ይላል፣ ሌላው ያንኑ ጣሪያ «የነአብዱልጀሊል» ይላል።

አንድ ያበላሹት ሥራ ነበራቸው። ሰንበቴ ላይ ለአንድ የከብት ነጋዴ መጋዘን ሲሠሩ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሊባል ጥቂት የቀረው ነበር፤ ቆርቆሮው ሲያጥራቸው መሀል ላይ ቀጠሉት። ቅጥሉን ሬንጅ ቀቡት፣ በሸንተረሩ ክፍተት ጨርቅ ጠቀጠቁ። በመጀመሪያው ክረምት ውኃው በቅጥሉ ገብቶ ከሥር የተደረደረውን ማሽላ አበቀለው። ነጋዴው አልጮኸም፤ ጠርቷቸው የበቀለውን ማሽላ በእጁ ዘግኖ አሳያቸው፣ በቃ።  ከሚሴ ደርሰው ከሚኒባሱ ሲወርዱ አብዱልጀሊል፣ «ውኃ መሄጃ በሌለው ቦታ ሁለተኛ አንቀጥልም» አለ።

«ሁለተኛ» አለ ኸይረዲንም።

ከዚያ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ሀጂ ሸምሱ የጠሯቸው። ሀጂ ሸምሱ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። በዋናው መንገድ ዳር ባለው ቦታቸው ላይ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ መሀሉ ደግሞ እህል የሚራገፍበትና የሚሸጥበት አዳራሽ የሚሆን ሕንፃ ለማሠራት ተነሥተው ነበር። አጥብቀው የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ አይሱዙ ገብቶ እንዲዞር መሀሉ ላይ ምሰሶ እንዳይኖር። ከደሴ የመጣችው መሐንዲስ ወረቀቱን ዘርግታ ያሳየቻቸው ጣሪያ ደግሞ ከሚሴ ላይ ያልታየ ነበር። ቁንጮ የለውም። ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ እንደ ቀስት ጎብጦ ሌላው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ከሥር አሥራ አንድ የብረት ቅስቶች አሉ፤ ከላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አናቱን ተሻግሮ የሚሄድ፣ ፋብሪካ ውስጥ በልክ የሚመረት የአሥራ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ።

«ቆርቆሮው በማሽን አይታጠፍም» አለች መሐንዲሷ። «ጉብጠቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ቅስቱ ላይ ስታስተኙት በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ብቻ እንዳትቆርጡት። አናቱ ላይ ተዳፋት የለም፤ እዚያ ቅጥል ካለ ያፈሳል።»

አብዱልጀሊልና ኸይረዲን ተያዩ። ሁለቱም ያሰቡት ሰንበቴን ነበር።

«እንሠራዋለን» አለ አብዱልጀሊል።

ቅስቶቹን ያጎበጣቸው እሱ ነው። በጥር ወር የአዳራሹ ወለል እንደደረቀ፣ ካስማ ተክሎ አሥራ ሦስት ሜትር ገመድ አሰረበት፤ የገመዱን ጫፍ ከጠመኔ ጋር ይዞ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ ሰፊ ቅስት ሣለ። በመስመሩ ላይ ብረት እየቸነከረ አቆመ። ከዚያ ቱቦላሬ የሚሉትን ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት በዚያ እያስደገፈ፣ በሰንሰለት እየሳበ፣ ጥቂት በጥቂት አጎበጠው። አንዱን ለመጨረስ አራት አምስት ቀን ይፈጅበታል። ሲጨርስ ብረቱን የጠመኔው መስመር ላይ ካቆማቸው ችንካሮች አስጠግቶ በደረቱ ይተኛና በመሀል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያል። ብርሃን ካየ እንደገና ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል።

«ይበቃል እንግዲህ፤ ልትድራቸው ነው እንዴ?» ይለዋል ኸይረዲን።

«አንተ ከላይ ሆነህ እንዳትሰድበኝ ብዬ ነው እኮ።»

አሥራ አንደኛው ቅስት መጋቢት መጨረሻ ላይ ተሰቀለ። በሚያዝያ አብዱልጀሊል ታመመ። አራት ቀን ተኛ፣ በአምስተኛው ቀን አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ኸይረዲን ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን መዶሻውን ይዞ ወጥቶ የጎረቤቱን የወጥ ቤት ክዳን ጠገነ። ማንም አልጠራውም ነበር።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቆርቆሮው መጣ። ተሳቢው ከነጭነቱ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ቀረ። አርባ ነው፤ ሥራው የሚፈልገው ሠላሳ ስምንቱን ነው፣ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። ሀጂ ሸምሱ ሥራውን የሚያስተባብር ሪድዋን የሚባል ፎርማን ከኮምቦልቻ አስመጥተው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ሰው። ሪድዋን በጭነቱ ርዝመት ልክ ከዳር እስከ ዳር ተራመደና አፏጨ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው ወይስ መንገድ?»

«መንገድ ነው። ውኃ ይሄድበታል» አለ ኸይረዲን።

ክሬን ይምጣ ተብሎ ነበር። ግን በሕንፃው ፊት የሚያልፈው የመብራት መስመር ለክሬን ቦታ አይሰጥም፤ በኋላ በኩል ደግሞ የሰው ግቢ ነው። ስለዚህ በእጅ መውጣት አለበት።

ጥፋቱ የኸይረዲን ነው፤ ኋላም አልካደም። ዕድሜውን ሁሉ ሲያቀብልና ሲቀበል የኖረው የሁለትና የሦስት ሜትር ቆርቆሮ ነው። ያንን ሁለት ሰው በጭንቅላቱ ይይዘዋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ቆርቆሮው ሲረዝም ሰው ጨመረ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አደረገ። አያያዙን ግን አልቀየረም። አራቱ ሰዎች በጭንቅላታቸው ተሸክመው ከተሳቢው ሲርቁ መሀሉ እንደጠገበች ላም ሆድ ረገበ።

«ሱታ! ሱታ!» ብሎ ጮኸ ኸይረዲን። በኦሮምኛ ቀስ በሉ ማለቱ ነው።

የፊተኞቹ ከግድግዳው ጎን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ላይ እግራቸውን ሲያነሱ ቆርቆሮው ቋ! አለ። ለሁለት አልተለያየም፤ ግን መሀል ላይ ሸንተረሮቹ ተጨፍልቀው እንደታጠፈ ወረቀት መስመር ወጣበት። እንዲህ የሆነ ቆርቆሮ ቢጎትቱትም ቢጫኑትም ቅስት አይሆንም፤ የሚታጠፈው እዚያው መስመሩ ላይ ነው።

ሪድዋን ሄዶ መስመሩን በጣቱ ዳበሰ። «በቃ፣ ይሄ የዶሮ ቤት ሆነ።»

ሀጂ ሸምሱ ከሰዓት በኋላ መጡ። የታጠፈውን ቆርቆሮ ዞረው አዩ።

«አብሽር ኸይረዲን፣ አንድ ቆርቆሮ ነው» አሉ። «ግን ያንን ደመና እየው። ሸራ አልብሼ ደጅ ያስቀመጥኩት እህል አለ። ከሐምሌ በፊት ክዳን እፈልጋለሁ። ሪድዋን፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«ቀላል ነው ሀጂ። ሁሉንም ከመሀል በግራይንደር እንቆርጣለን። ስድስት ሜትሩን አራት ሰው ያወጣዋል። እንዳያፈስ ደግሞ ቅስቶቹ ላይ ቋሚ ብረት በይደን መሀሉን ከፍ እናደርግና እንደማንኛውም ቤት ቁንጮ እንሰጠዋለን።»

«ቅስቱስ?» አለ ኸይረዲን።

«ከሥር ይቀራላ! እህል ሊሸምት የመጣ ሰው ቅስት ያያል እንዴ?»

ኸይረዲን ቀና አለ። አሥራ አንዱ ቅስቶች ከመንገዱ በኩል እስከ ጓሮው ተሰልፈዋል፤ በአንዱ ሥር ቆመው ሲያዩ የቀሩት ከኋላው ይደበቃሉ፣ አንድም አይወጣም፣ አንድም አይወርድም። በደረቱ ተኝቶ ብርሃን የሚፈልገው ሰው ታየው።

«አይቆረጥም» አለ።

«እና በምን ይወጣል?» አሉ ሀጂ።

«እሱን ገና አላወቅኩም። ግን አይቆረጥም።»

«ጋሼ፣ ዝናቡ ሲመጣ ገና አላወቅኩም እንለዋለን?» አለ ሪድዋን።

ሀጂ ሸምሱ ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። የአብዱልጀሊልን ቀብር አፈር ካለበሱት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። «ዛሬ ሰኞ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ሐሙስ ረፋድ አንዱን ሳይታጠፍ ካወጣኸው፣ ሁሉንም እንደ ወረቀቱ ታለብሰዋለህ። ካልሆነ ሐሙስ ከሰዓት ግራይንደሩ ይነሳል። ከዚህ በላይ ቀን የለኝም።»

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በተበላሸው ቆርቆሮ ሲሞክር ዋለ። ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፍ ከሥሩ አጋደመ፤ ባሕር ዛፎቹ ራሳቸው ረገቡ። በገመድ ከላይ ለመሳብ ሞከረ፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን እንደ ሸራ ነጠቀውና አንዱ ሠራተኛ ከመቆረጥ ለጥቂት ተረፈ። ሪድዋን ጥላ ሥር ቆሞ ያይ ነበር። ተረበ እንጂ አልሄደም፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ገመዱን ሮጦ ያዘ።

ማታ እራት ቀርቦ ኸይረዲን አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ እጁን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«ብላ እንጂ። ቆርቆሮው እዚህ የለም» አለችው መሊካ።

«አንድ ቀን ቀረኝ።»

«ሀጂ ይቆረጥ ካሉ ምን አስጨነቀህ? ጣሪያው የሳቸው ነው።»

«ቢቆረጥ ያፈሳል።»

«ልጁ ከፍ አድርጌ እሠራዋለሁ ብሎ የለ?»

«ብሏል።»

«እሺ ለምን ታዲያ?»

ኸይረዲን ውኃ አፍስሶ እጁን ታጠበ።  መሊካ የተረፈውን ምግብ ከድና፣ ለነኢማ የላከችው ማሽላ መድረሱን ነገረችው። ነኢማ የአብዱልጀሊል ሚስት ናት።

ረቡዕ ቀትር ላይ ዙህር ሰግዶ ከመስጂድ ሲወጣ የቅሬው ቃሬዛ እንደወትሮው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቅሬ በየሰፈሩ ያለ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቆፍረው፣ የሚሸከመው፣ ለቅሶ ቤቱን የሚያበላው እሱ ነው። ኸይረዲን ከሚያዝያ ወዲህ በዚያ ግድግዳ በኩል ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ያን ቀን ግን ቆሞ አየው። ቀጫጭን እንጨቶች፣ በጠፍር የተያያዙ። እንዲያው ሲታይ ጀናዛ፣ የሰው ሬሳ፣ የሚችል አይመስልም።

ከአብዱልጀሊል ቤት እስከ መቃብሩ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ጉድጓድ አለው፣ የደረቀ ወንዝ አለው፣ ዳገት አለው። ከአሥር እርምጃ በላይ የተሸከመ ሰው አልነበረም። አንዱ ትከሻውን ሲያስገባ ሌላው ይወጣል፤ የወጣው በጎን ሮጦ ፊት ይቆማል፣ እንደገና ይደርሰዋል። ኸይረዲን አራት ጊዜ ደርሶታል። በዚያ ሁሉ መሀል፣ አልቅሶ ባልጨረሰ ዓይኑ፣ አንድ ነገር ማየቱ ትዝ አለው። የለመደ ዓይን ነውና በራሱ ያያል። ወንዙን ሲወርዱም ዳገቱን ሲወጡም ቃሬዛው አልተዘነበለም፣ አልረገበም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በማየቱ አፍሮ ነበር።

ከመስጂዱ ሳይርቅ የቅሬውን ዳኛ ሼህ ኑርሁሴንን አገኛቸው። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥራሉ። ጉልበታቸውን ስሞ፣ ቆርቆሮውን ለማውጣት የቅሬው ሰው እንደሚያስፈልገው ነገራቸው።

ሼሁ እስኪጨርስ ሰሙት። «ቅሬ ለሞት ነው ኸይረዲን» አሉ። «ለነጋዴ ቤት ቅሬ ተጠርቶ አያውቅም። ዛሬ ለሀጂ ብንጠራ ነገ ሌላው ለአጥሩ ጥሩልኝ ይላል።»

«ልክ ነው ሼህ። ሀጂም አልላኩኝም፤ መምጣቴንም አያውቁም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትለምነው?»

«ቅስቶቹን የሠራው አብዱልጀሊል ነው። ቆርቆሮው ከተቆረጠ ሥራው ከሥር ይቀበራል። እሱን የተሸከሙት ሰዎች አንድ ጠዋት ቢሰጡኝ ይበቃኛል። አያያዙን እነሱ ያውቁታል።»

ሼህ ኑርሁሴን ሙስበሃውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። 

«ቅሬው አይጠራም» አሉ። ኸይረዲን አንገቱን ደፋ። «እኔ ግን ነገ ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ እግሬን ላፍታታ በዚያ በኩል ማለፌ አይቀርም። ከኋላዬ የሚከተል ሰው ካለ፣ መንገድ አልዘጋም።»

ሐሙስ ጠዋት ኸይረዲን ግቢው ሲደርስ ሪድዋን ቀድሞት መጥቶ ነበር። ግራይንደሩ ተሳቢው ጎማ ሥር ተቀምጧል።

«ለጥንቃቄ ነው ጋሼ» አለ ሪድዋን።

«እዚያው ይቆይ።»

ጎሕ እንደቀደደ ሼህ ኑርሁሴን በከዘራቸው መጡ። ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ፤ ልኳንዳ ነጋዴው፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው፣ ለገበያ ከጨፋ የመጡ ገበሬዎች፣ ባጃጃቸውን ደጅ ያቆሙ ጎረምሶች። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ተጨመሩ።

«አካም ቡልተን?» አላቸው ኸይረዲን፤ እንዴት አደራችሁ።

«ነጋ፣ ገለተ ረቢ!» አሉት በአንድነት፤ ሰላም ነው፣ ምስጋና ለጌታ። አንዱ ገበሬ ቆርቆሮውን አይቶ፣ «ያ ረቢ! ይሄን የሚያህል ጣሪያ ለማን ነው፣ ለጤፍ?» አለ።

ኸይረዲን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቆማቸው። በየአንዳንዱ ሜትር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሰው። የቀሩትን መወጣጫው ላይ በሦስት እርከን፣ ከፍታ የማይፈሩትን ደግሞ እስከ አናቱ ድረስ ቅስቶቹ ላይ አስቀመጠ። «ጭንቅላት የለም» አላቸው። «መዳፍ ብቻ፣ በትከሻ ልክ። ማንም አይጨብጠው፣ ማንም አይጎትተው። እጃችሁ ላይ ሲደርስ ተቀበሉ፣ ሲያልፍ ልቀቁ። ያለፈው ሰው በጎን ሮጦ ፊት ይሰለፍ። እናንተ አትሄዱም፤ እሱ ነው የሚሄደው።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሁሉም ገባቸው። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ቢስሚላህ!»

ቆርቆሮው ከተሳቢው ተነሥቶ እጅ ላይ ወጣ። ከመዳፍ ወደ መዳፍ ሲሄድ ሸንተረሩ ጎህ ላይ እንዳለ ውኃ ያብለጨልጫል። መሀሉ አልረገበም። በመንገዱ የሚያልፍ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን አወጣ።

«እናንተ! ዛሬ ጀናዛው ቆርቆሮ ለብሷል እንዴ?»

ከሰልፉ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ዞረው ኸይረዲንን አዩ። ኸይረዲን ዓይኑን ከቆርቆሮው አላነሳም።

«አብዱልጀሊል ጀምሮት ነበር፤ እየጨረስንለት ነው» አለ። «ኦል! ወደ ላይ! ሱታ!»

ሰኞ ቆርቆሮው የታጠፈው መወጣጫው ሥር ነበር። አሁን የፊቱ ጫፍ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው እርከን ሰዎች ጎንበስ ብለው ተቀበሉት፤ ሁለተኛው እርከን ከነሱ ተቀበለ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ከታች ያሉት እያዘነበሉ ገፉ። አንድ ቦታ ላይ የኋለኛው ጫፍ ሊንሸራተት ሲል፣ ጥላ ሥር ቆሞ የነበረው ሪድዋን ሮጦ ትከሻውን ሰጠው።

ኸይረዲን አናቱ ላይ ነበር። ጫፉ ጉልበቱ አጠገብ አልፎ ወደ ወዲያኛው ወገን ሲሻገር ቆርቆሮው ሲጥ ሲጥ አለ።  ቋ አላለም። የፊቱ ጫፍ ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ የኋለኛውም እንዲሁ። ማንም ሳይጫነው ብረቶቹ ላይ ጎብጦ ተኛ።

የቀረው ሁለቱን ጠርዞች እኩል ስቦ በብሎን ማሰር ነበር። አንዱ ወገን ቀድሞ ከሳበ ቆርቆሮው ይጣመማል፤ ችግሩ ደግሞ አናቱ መሀል ላይ ስለሚጋርድ በሁለቱ ጠርዝ ያሉ ሰዎች አይተያዩም።

«ሪድዋን፣ ድሪልህን ይዘህ በወዲያ በኩል ውጣ» አለ ኸይረዲን። «ስትይዘው ሁለቴ አንኳኳ። አንዴ ካንኳኳህ፣ ቆይ ማለት ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ኸይረዲን በራሱ ወገን ወርዶ መፍቻውን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ ለውስጥ መጣ፤ ኳ፣ ኳ።

 ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

ሲጨርሱ ወደ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው ቅስት ሥር ካለው መወጣጫ ላይ በደረቱ ተኛ። ፀሐይ መውጣት ጀምራ ነበር። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቆርቆሮውና በብረቱ መሀል ከዳር እስከ ዳር አየ። የሚያልፍ ብርሃን አልነበረም።

ሀጂ ሸምሱ ረፋድ ላይ ሲመጡ አምስተኛው እየወጣ ነበር። ሰዎቹ አንዱን አውጥተው ለመሄድ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ግን ልኳንዳ ነጋዴው፣ «ተራዬ ሳይደርሰኝ የት ልሂድ?» ብሎ ቀረ፣ ሌሎቹም ቀሩ። ሀጂ በበሩ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሪድዋን» አሉ፣ «ያ ግራይንደር ምን ያደርጋል?»

«ላስገባው ነበር ሀጂ። ዝናብ ቢመታው ይበላሻል ብዬ» አለ ሪድዋን ከጣሪያው ላይ።

ሥራው አምስት ጠዋት ፈጀ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው እጅ ስለሚያቃጥል፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋስ ስለሚነሳ፣ ከሱብሂ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሠሩት። ሰዉ በየቀኑ ይለያያል፤ ሼህ ኑርሁሴን ግን በየቀኑ እግራቸውን ሊያፍታቱ በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። ሠላሳ ስምንተኛው የወጣ ዕለት ሀጂ ሁለት ፍየል አረዱ፤ ዱዓ ተደረገ። ከመጠባበቂያው አንዱ ተረፈ። የተበላሸው ደግሞ እውነትም የዶሮ ቤት ሆነ፣ በኸይረዲን ግቢ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቁሮ አንድ ጊዜ ተለቀቀ። ኸይረዲን አዳራሹ ውስጥ ነበር። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር የጎኑን ሰው እንኳ አይሰማም ነበር። ቀና ብሎ ከመንገዱ እስከ ጓሮው አናቱን እየተከተለ ተራመደ፤ ወለሉ ላይ ጠብታ ፈለገ። ተመልሶም ፈለገ፤ አንድም አላገኘም።

በሩ ላይ ሲደርስ ነኢማ ቆማለች። ከገበያ ስትመለስ ዝናቡ ደርሶባት መግባቷ ነው፤ ዘንቢሏን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሕንፃውን ከሚያዝያ ወዲህ አላየችውም። ሰላምታ ተሰጣጡ። ከዚያ እንዲሰማት ጠጋ ብላ ጮክ አለች።

«የእሱ የትኞቹ ናቸው?»

«የላዩን ልብስ እኛ አለበስነው» አለ ኸይረዲን። «ጉብጠቱ በሙሉ የእሱ ነው።»

ነኢማ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ቀና ብላ ከበሩ ጀምራ በጣቷ መቁጠር ያዘች። ኸይረዲን አጠገቧ ጥቂት ቆመ። በስተግራ በኩል አሸንዳው ገና ስላልተገጠመ ውኃው በግድግዳው ሥር እየወረደ መሠረቱን ይሸረሽር ነበር። ሪድዋንን በእጁ ጠራውና መሰላሉን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡ።